ጣሪያዋ ዝቅ ያለችበት ፈተና

በክፍሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ጣሪያ» ነበር የሚላት። ቁመቷ ረዝሞ አይደለም። እንዲያውም ወንበር ላይ ስትቀመጥ ወለሉን የሚነኩት የእግሯ ጣቶች ብቻ ናቸው። ስሙን ያመጣባት የስታቲስቲክስ መምህሩ የግሬድ አሰጣጥ ነው። እሱ ሳይገባን የደረሰባት ነገር ሊገባን ስለማይችል ከእሱ እንጀምር።

መምህሩ ፈተና አርሞ ሲጨርስ መጀመሪያ የሚፈልገው የክፍሉን ከፍተኛ ውጤት ነው። ይህንን ውጤት «ጣሪያ» ይለዋል። ጣሪያው ዘጠና ሰባትም ይሁን ሰባ፣ እሱ እንደ ሙሉ መቶ ይቆጥረዋል። የሌላው ሰው ውጤት የሚለካው ከመቶ ሳይሆን ከዚያ ጣሪያ ነው። የጣሪያውን ግማሽ ያገኘ «ሲ» አግኝቶ ያልፋል፤ ግማሹን ያልደረሰ ይወድቃል። አሁን ልብ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ነገሩ በእውነት የሚያስደንቅ ነው። የክፍሉ ከፍተኛ ውጤት ሰማንያ ከሆነ አርባ ያመጣ ሰው አለፈ። ከፍተኛው ዘጠና ስድስት ከሆነ ደግሞ ያው ሰው፣ ያንኑ መልስ በዚያው ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ወደቀ። የእሱ ዕውቀት አልጨመረም፣ አልቀነሰም። የጣለው ፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሌላ ሰው ነው።

ፊተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጠው ደግሞ እሷ ነበረች።

የምትሠራው ቀለም ፋብሪካ ውስጥ፣ ቀለም ማመሳከሪያ ክፍል ነው። ከበርሜል የተቀዳ ቀለም በትንሽ ጣሳ ይመጣላታል። ነጭ ካርድ ላይ በስሱ ትቀባዋለች፣ እስኪደርቅ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ከዋናው ናሙና ጎን አስቀምጣ መብራት ስር ታየዋለች። ሌላ ሰው ሁለቱም ያው ክሬም ቀለም ናቸው ብሎ የሚምልባቸውን ካርዶች እሷ አንዴ ቃኝታ «ቢጫው በዝቷል፣ መልሱት» ትላለች። ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ትልቅ መስታወት አለ። ከመስታወቱ ወዲያ የቅመማ ክፍሉ ነው፤ ነጭ ጋዋን የለበሱት ሰዎች አዲስ ቀለም የሚፈጥሩበት። በዚያ በር ለመግባት ዲግሪ ያስፈልጋል። እሷ ለዓመታት ሌሎች የፈጠሩትን ቀለም ልክ ነው፣ ልክ አይደለም ስትል ኖራለች። የምትመኘው አንድ ቀን እሷ የፈጠረችውን ሌላ ሰው ልክ ነው ሲላት መስማት ነበር።

ስለዚህ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ጀመረች፣ የላቦራቶሪ ዲፕሎማ። ባሏ ደግሞ በዚያው ፋብሪካ የመጋዘን ሠራተኛ ነው። አለቆቹ ወደፊት የመጋዘን ኃላፊ የሚሆነው ዲፕሎማ ያለው ብቻ ነው ሲሉ እሱም ተመዘገበ፣ በንብረት አስተዳደር። ትምህርታቸው ለየቅል ቢሆንም ስታቲስቲክስ የጋራ ኮርስ ነው። ባልና ሚስት በአንድ ክፍል ገቡ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ። ክፍሉም አላለፋቸውም፤ እሷን «ጣሪያ»፣ እሱን «መጋዘን» ብሎ ሰየማቸው።

ለክፍሉ ቀልድ የሚያቀርበው፣ ሆስፒታል ስለሚሠራ «ነርሱ» የሚሉት ተማሪ ነበር። ከእሷ ቀጥሎ ሁልጊዜ ሁለተኛ የሚወጣ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። የመንፈቁ አጋማሽ ፈተና ውጤት በተነገረ ዕለት ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺ ጣሪያ፣ እባክሽ ትንሽ ጎንበስ በይልን! ጭንቅላታችንን ፈነከትሽው እኮ!»

ክፍሉ ሳቀ።

«አንተ ደግሞ ብታጠና ምን አለበት?» አለችው።

«እኔስ ይሁን፣ ተይኝ። መጋዘንን ነው የማዝንለት። ሰው ባሏን በአንድ አልጋ አስተኝታ በአንድ ክፍል ትጥለዋለች? ይኼ እኮ ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ነው!»

ባሏም ከኋላ አብሮ ሳቀ። እሷ ግን የሳቁን መጨረሻ ሰማችው፤ ከሌላው ሰው ሳቅ ቀድሞ ነው ያቆመው።

ምክንያቱን ታውቃለች። ባሏ ይህን ኮርስ ባለፈው ዓመት ወድቆበታል። አሁን ሁለተኛው ነው። የዩኒቨርሲቲው ደንብ አንድን ኮርስ ሁለቴ የወደቀ ተማሪ ከፕሮግራሙ ይሰናበታል ይላል፤ ሌሎቹን ኮርሶች ሁሉ ቢያልፍም እንኳ። ሃምሳ ማርክ ከሚይዘው የመጨረሻ ፈተና በፊት የተያዘለት ውጤት ደግሞ ከሃምሳው ሃያ ሁለት ነበር። የእሷ አርባ ሰባት ነው።

ለእሷም ቢሆን ኮርሱ እንደ ሌላው አልነበረም። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ለዲፕሎማ ተመራቂዎች የተከፈተ የኬሚስትሪ ዲግሪ አለ። ዲግሪው ሰውን ከዜሮ አያስጀምርም፤ የተማረውን ኮርስ በክሬዲት ይቀበለዋል። ክሬዲት ማለት የኮርስ ክብደት ነው። በሳምንት አራት ሰዓት የሚሰጥ ኮርስ አራት ክሬዲት፣ ሁለት ሰዓት የሚሰጥ ሁለት ክሬዲት ይመዝናል። ለመግባት የሚዛወረው ክሬዲት ተደምሮ የተቀመጠውን ልክ መሙላት አለበት። እሷ ደማምራዋለች፤ ስታቲስቲክስ ከነአራት ክሬዲቱ ሲገባ ይሞላል፣ ሲወጣ ይጎድላል። አንድ ነገር ብቻ ያስፈልጋል፤ የሚዛወረው «ቢ» ወይም ከዚያ በላይ የተገኘበት ኮርስ ብቻ ነው። ይህ አላስጨነቃትም። እሷ «ቢ» አግኝታ አታውቅም፣ ሁልጊዜ «ኤ» ነበረች።

ኮርሱ ሲጀመር አካባቢ መምህሩን ጠይቃው ነበር። መምህሩ ቀጭን፣ ሸሚዙ ላይ የጠመኔ አቧራ የማይጠፋ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ፊቱ የሚበራ ሰው ነው።

«መምህር፣ ይኼ የጣሪያ ነገር ልክ ነው ይላሉ?»

«ለምን አይሆንም?»

«እኛ ጋ ቀለምን ከቀለም ጋር አናመሳክርም። ዛሬ ከተቀዳው ሁሉ ጥሩው የትኛው ነው ብለን በእሱ ብንለካ ነገ ሌላ ቀለም ነው የምንሸጠው። ናሙናው አንድ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሁሉም የሚለካው በእሱ ነው።»

መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ አያት። «ጥሩ ነገር ነው ያመጣሽው» አለ። «የትምህርት ክፍሉ የቆየ ልማድ ሆኖ ነው እንጂ... ጥሩ ነገር ነው። እይዘዋለሁ።»

ይዞታል። እሷ ግን ረሳችው።

ቤት ውስጥ ባሏን የምታስተምረው ከፋብሪካ በሚጣሉ የቀለም ካርዶች ጀርባ ላይ ነበር። አማካይ የሚባለውን በመጋዘኑ ጣሳዎች ታስረዳዋለች፣ ስርጭት የሚባለውን ጣሳዎቹ ከተጻፈባቸው መጠን ምን ያህል ከፍና ዝቅ እንደሚሉ እያሳየችው። ማስረዳት ትወዳለች። ሰው ሲሳሳት እያየች ዝም ማለት አይሆንላትም፤ እጇ ቀድሞ እስክሪብቶውን ይቀማል።

«ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ምኑ ገባህ?»

«ያልሽው ነዋ!»

«እኔ ምን አልኩ?»

«አሁን አንቺ ያልሽውን አንቺ እያወቅሽው ምን ያስጠይቅሻል?» ይልና ይስቃል። እሷም ትስቃለች፤ ሆዷ ግን አይስቅም። ጭንቅላቱን የሚነቀንቀው ቶሎ እንዲያልቅለት ነው ብላ ደምድማ ነበር። ከፈተናው አሥራ ስምንት ካመጣ ተመስገን ነው፤ ከሃያ ሁለቱ ጋር አርባ።

ወደ ፈተናው መዳረሻ፣ በመጨረሻው የትምህርት ቅዳሜ፣ ትንሿን ልጃቸውን ትኩሳት ያዛት።

«አንተ ሂድ» አለችው። «እኔ ከልጅቷ ጋር እውላለሁ። አንተ ነህ ክፍሉ የሚያስፈልግህ።»

እሱ ሄደ። ማምሻውን ሲመለስ የልጅቷን ግንባር ዳሰሰ፣ በርዷል፣ ደስ አለው።

«ምን ተማራችሁ?»

«ክለሳ ነው። አዲስ ነገር የለም።»

እውነቱን ነው፣ ትምህርቱ ክለሳ ነበር። ትምህርቱ አልቆ ሰዎች ደብተራቸውን ሲሰበስቡ ግን መምህሩ አንድ ነገር ተናግሮ ነበር። እሱን አልነገራትም። የደበቃት አይምሰላችሁ። ያልነገራት እሷን የማይነካት ስለመሰለው ብቻ ነው።

ፈተናው ሲቃረብ እሷ ሒሳቧን ሠራች። ያቺ ሒሳብ እንዴት እንደምታምር በዝግታ ማየት ይገባል፤ በኋላ የደረሰው ሁሉ የመጣው ከዚያ ውበት ነውና። ሁሉንም ጥያቄ ከሠራች ውጤቷ ዘጠና ሰባት ይሆናል፣ ግማሹ አርባ ስምንት ተኩል። ባሏ በአርባው ይወድቃል፣ ይሰናበታል። ነርሱ እስካሁን በሚያመጣው ከሄደ ሰባ ስምንት አካባቢ ላይ ይቆማል። እሷ ወደ ነርሱ ብትወርድ ጣሪያው ሰባ ዘጠኝ ይሆናል፣ ግማሹ አርባ አይሞላም። ባሏ በአርባው ያልፋል። እሷስ ምን ታጣለች? ምንም። ጣሪያው ምንጊዜም መቶ ነው። በዘጠና ሰባትም «ኤ» ናት፣ በሰባ ዘጠኝም «ኤ» ናት። ማንም ሳይጎዳ፣ ማንም ሳያውቅ፣ አንድ ሰው ይተርፋል። ነርሱ ጎንበስ በይ ያለው ለቀልድ ነበር፤ እሷ ግን ሒሳቡን ሠርታ አገኘችው።

ለባሏ አልነገረችውም። ብትነግረው እሺ እንደማይል ታውቃለች።

በፈተናው ዕለት የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ተደምረው አሥራ ስምንት ማርክ ይይዙ ነበር። አንደኛው ከጥቂት ሳምንታት በፊት መምህሩ «ነይ እስቲ አንቺ አስረጃቸው» ብሎ ሰሌዳ ላይ ያሠራት ዓይነት ነው። አንብባ ስትጨርስ መልሱ ጭንቅላቷ ውስጥ ተቀምጧል። ሌሎቹን ጥያቄዎች ሁለቴ አየቻቸው፣ ስህተት የለባቸውም። ከዚያ ባዶው ገጽ ፊት ለፊቷ ቀረ። እስክሪብቶዋን ከደነች፣ ከፈተች፣ መልሳ ከደነች። ቁጭ ብላ ከቆየች እጇ እንደሚጽፈው ስላወቀች ተነሳች። ከክፍሉ መጀመሪያ የወጣችው እሷ ናት። መምህሩ ወረቀቷን ሲቀበል ፈገግ አለ፤ እንደተለመደው ቶሎ የጨረሰች መስሎት። ባሏ ከኋላ ወረቀቱ ላይ ተደፍቶ ነበር፤ ቀና ብሎ አላያትም።

ግሬድ የተለጠፈ ዕለት አብረው ሄዱ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ሰው ተጋፍቷል። ስም የለም፣ የመታወቂያ ቁጥር ነው። ባሏ በጣቱ ወደ ታች እየፈለገ መጣና ቆመ።

«አለፍኩ!» አለ። «ሲ! ሃምሳ ሁለት! አየሽ? ሃምሳ ሁለት!»

ሃምሳ ሁለት። እሷ አርባ ብላ ገምታው ነበር። በዘጠና ሰባቱም ጣሪያ ቢሆን የሚያልፍ ውጤት ነው። ደስታና እፍረት ባንድ ላይ ፊቷን አሞቁት። አላመነችውም ነበር ማለት ነው። ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ለካ ገብቶት ነው።

ከዚያ የራሷን ቁጥር አየች። ሰባ ዘጠኝ። ጎኑ ላይ ግን «ኤ» አልነበረም። «ሲ ፕላስ» ይላል።

«ተሳስተዋል» አለች። «ጣሪያው... ከፍተኛው ስንት ነው?»

«ሰማንያ አንድ ነው፣ እኔ ነኝ!» አለ ነርሱ ከጎኗ። «ዛሬ ገና ጣሪያ ሆንኩ፣ ያውም ምንም የማይረባኝ ጊዜ! ምን ሆነሽ ነው ግን አንቺ? አሞሽ ነበር እንዴ?»

«የማይረባህ ለምን?»

ነርሱ በአገጩ ከውጤቱ በላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳያት። ዘጠና ለ«ኤ»፣ ሰማንያ ለ«ቢ»፣ ስድሳ አምስት ለ«ሲ ፕላስ»፣ ሃምሳ ለ«ሲ»። ሁሉም ከመቶ፣ ለሁሉም እኩል።

ወደ ባሏ ዞረች። «ይኼ መቼ ነው የተቀየረው?»

«እሱማ ያን ቅዳሜ ነው፣ ትንሿ አሟት የቀረሽ ጊዜ። ጣሪያ ምናምን ቀርቷል፣ ከእንግዲህ ቋሚ መስፈርት ነው ብሎ ተናገረ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺን ምን ያደርግልሻል ብዬ? አንቺ እንደሆን በየትኛውም ቢሆን ኤ ነሽ።» ያለው ከልቡ ነው። ከዚያ ፊቷን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይዞሽ፣ ሰው ነሽ፣ አንድ ቀን ይከብድሻል። ትንሽ ለራስሽ ብታጠኚ ኖሮ እኮ... እኔን ስታስተምሪ ጊዜሽን ጨረስሽ።»

ከዚያ በቀጥታ የሄደችው ወደ ሬጅስትራር ነበር። በመስኮቱ ወዲያ ያለችው ሠራተኛ ማህተም እየመታች ነው፤ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ቀና ብላ አየቻት።

«እህቴ፣ ሲ ፕላስ አይዛወርም።»

«እሺ፣ እደግመዋለሁ። በሚቀጥለው መንፈቅ እንደገና እወስደዋለሁ።»

«ሲና ከዚያ በላይ የተገኘበት ኮርስ አይደገምም። ያለፍሽው ነው።»

«ካለፍኩትማ ይዛወርልኛ!»

«ለማለፍ አልፈሽዋል። ለመዛወር አልደረሰም።»

«ታዲያ እኔ ምን ይሻለኛል?»

ሠራተኛዋ ማህተሙን መታች። «ብትወድቂ ይሻልሽ ነበር» አለች። «ዲ እንኳ ብታመጪ ትደግሚው ነበር።»

ሁለቱንም ደንቦች ለየብቻ ካየናቸው ምክንያት አላቸው። ያለፈ ሰው ኮርስ እንዳይደግም የተከለከለው የወደቀው ሰው ወንበር እንዳያጣ ነው። ከ«ቢ» በታች የማይዛወረው ደግሞ ደካማ መሠረት ይዞ ወደ ከባዱ ትምህርት የገባ ሰው በኋላ እንዳይንገዳገድ ነው። ሁለቱንም ያወጧቸው ሰዎች አስበውበታል። በሁለቱ መካከል ስላለው ጠባብ ቦታ ግን፣ ለመድገም ስለበዛና ለመዛወር ስላነሰ ውጤት፣ ያሰበ ሰው የለም። እሷ የወደቀችው እዚያ ነው። አንድ ማርክ ብቻ ነበር የጎደላት።

አንድ ማርክ። ይህ ተስፋ ሰጣት፤ ሰው ሲያርም አንድ ማርክ ሊስት ይችላል። ወረቀቷ እንደገና እንዲታይላት አመለከተች። መምህሩ ቢሮው ጠራት። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ገጽ በገጽ ገለጠላት።

«እይው። የጻፍሽው ሁሉ ሙሉ ነው። ይኼ ሙሉ፣ ይኼ ሙሉ። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ብቀንስብሽ ኖሮ መልሼ እጨምርልሽ ነበር። የምጨምርበት ቦታ የለኝም።»

መጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ደረሰና እጁን ባዶው ላይ አሳረፈ።

«ይኼን እኮ አንቺ ነሽ ለክፍሉ ያስረዳሽው።»

«ጊዜ አለቀብኝ።»

«መጀመሪያ የወጣሽው አንቺ ነሽ።»

ዓይኗን ባዶው ገጽ ላይ ተከለች። እውነቱን ብትናገር ሆን ብላ ውጤት ዝቅ አደረገች ይባላል፤ የባሏም ስም ይነሳል፣ ሃምሳ ሁለቱም ጥያቄ ውስጥ ይገባል። መምህሩ ጠበቀ። ከዚያ የሚያጽናናት መስሎት ሌላ ነገር አነሳ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ይኼ ቋሚ መስፈርት የመጣው በአንቺ ነው። ያንን የቀለሙን ነገር፣ መሳቢያ ውስጥ ስላለው ናሙና የነገርሽኝን፣ የትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ አነሳሁት። የተከራከረኝ አልነበረም። ዲኑ ራሳቸው ወደዱት። ያን ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ስናገረው ዓይኔ አንቺን ነበር የሚፈልገው።» ፈገግ አለ። «አልነበርሽም።»

«ልጄ አሟት ነበር» አለች።

«አሁን ዳነች?»

«ድናለች።»

ወረቀቱን አጥፎ መልሶ ፖስታው ውስጥ ከተተው።

የዲግሪው ምዝገባ አለፈ። ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ የመጋዘኑ ኃላፊ ጡረታ ወጡና ባሏ፣ ዲፕሎማውን ሊጨርስ ጥቂት ኮርስ የቀረው ስለሆነ፣ ተጠባባቂ ኃላፊ ተደረገ። ወንበር ተሰጠው፣ ቁልፍ ተሰጠው። ሲሄድ አረማመዱ እንኳ ተቀየረ፣ ድሮ የሚጎብጠው ሰው ቀና አለ። በምሳ ሰዓት ካፍቴሪያው ውስጥ ባልደረቦቹ ሲያሞግሱት አንድ ቀልድ አበጀ።

«ስታቲስቲክስን ከባለቤቴ ጋር ነው የወሰድኩት። እሷ ያቺ የክፍሉ ጣሪያ የምትባለዋ ናት እኮ! እኔ ሲ አገኘሁ፣ እሷ ሲ ፕላስ። በአንዲት ፕላስ ብቻ ነው የበለጠችኝ!»

ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። በሌላ ቀን ደገመው፣ እንደገና ሳቀች። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወንድሙ ሊጠይቃቸው መጥቶ ሳለ ለሦስተኛ ጊዜ ተናገረው። እንግዳው እስኪሄድ ጠበቀች። ከዚያ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ሁሉንም ነገረችው። ጣሪያውን፣ ግማሹን፣ ነርሱን፣ ባዶዎቹን ገጾች። ስታስተምረው እንደምታደርገው አንዱን ከሌላው እያያያዘች፣ በተራ በተራ።

እሱ የያዘውን የዕቃ መወልወያ ጨርቅ አስቀመጠ።

«ማን ለመነሽ?» አለ መጀመሪያ።

«ማንም።»

«ስንት ያመጣል ብለሽ ነበር?»

ውሃውን ዘጋች። «አርባ።»

«አርባ» አለ ለራሱ። «እኔ ደግሞ አንቺ ሳትኖሪ ለብቻዬ ተቀምጬ የሠራሁት አንድ ነገር አለኝ ብዬ ነበር።»

«አለህ እኮ! ጣሪያው ቢወርድም ባይወርድም ታልፍ ነበር። ሃምሳ ሁለቱ ያንተ ነው።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

ብዙ መልስ ነበራት። እሱ ያን ቅዳሜ የሰማውን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግራት ኖሮ፣ እሷም ያሰበችውን ብትነግረው ኖሮ። ሁለቱም ዝም ያሉት አንዱ ለሌላው ብለው ነው። የተናገረችው ግን ትንሹን ነው።

«በፕላሷ ስትቀልድባት አስችሎኝ ነበር። አሁን አላስቻለኝም።»

ከዚያ ወዲህ አልቀለደባትም። ካርዶቹንም ወደ ቤት አታምጪ አላት፤ በቁጣ አይደለም፣ በጨዋ ድምፅ ነው። እሷ ዲፕሎማዋን ተቀብላ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ከመስታወቱ ወዲያ አዲስ ጋዋን የለበሰች ወጣት ገብታለች፤ በማንኪያ በማንኪያ ዱቄት እየመዘነች ትቀምማለች። የቀመመችው በጣሳ ሲመጣ እሷ ካርድ ላይ ትቀባዋለች፣ መብራት ስር ታየዋለች።

«ልክ ነው» ትላለች። ልክ ስለሆነ።

ባሏ አሁን የክምችት ቁጥጥር የሚባል ኮርስ ይወስዳል። ማምሻውን መኝታ ክፍል ገብቶ በሩን ዘግቶ ያጠናል፤ ጮክ ብሎ ለራሱ የማስረዳት ልማድ አምጥቷል። ከእሷ የወረሰው ነው፤ እሱ ግን አያውቀውም። ባለፈው ሳምንት የታጠበ ልብስ ይዛ በበሩ ስታልፍ ድምፁን ሰማች። የሳምንቱን አማካይ ለማግኘት የዓመቱን ወጪ በሳምንታቱ ቁጥር ማካፈል ሲገባው በወራቱ ቁጥር እያካፈለ ነው። ቆመች። እጇ፣ ያ እስክሪብቶ የሚቀማው እጇ፣ እጀታው ላይ ደርሶ ነበር።

ከውስጥ ያንኑ ስህተት ደገመው፤ አሁን ድምፁ ይበልጥ እርግጠኛ ሆኗል።

ልብሱን አስተካክላ ያዘችና ወደ ልጅቷ ክፍል አለፈች።